የመምህር ገላነህ ጥያቄ

ጥሩዓይኔ ስትደውል ባሕር ዳር ቢሮዬ ውስጥ ለቀትር የሚሄድ ዜና እያረምኩ ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ሁለተኛ ደረጃን አብረን ስለ ተማርን ጠባይዋን አውቃለሁ፤ በሥራ ሰዓት ለወሬ አትደውልም።

«አንዱዓለም፣ ጋሼ ገላነህ አረፉ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ጎህ ሲቀድ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራሉ። ትደርሳለህ?»

እደርሳለሁ አልኳት። ስልኩን ትዘጋዋለች ብዬ ስጠብቅ አልዘጋችውም።

«ለጋሽ ውበቱ ማን ይንገራቸው?» አለች በመጨረሻ።

በሥራዬ ብዙ መርዶ ሰምቻለሁ፣ አንዳንዱንም እኔው ራሴ ነግሬያለሁ። ይህን ግን ማን መንገር እንዳለበት አላውቅም ነበር፤ መነገር ይኑርበት አይኑርበትም እርግጠኛ አልነበርኩም። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል መመለስ አለብኝ። የመንግሥት ለውጡ ገና ትኩስ የነበረበት ጊዜ ነው።

መምህር ገላነህ የጉና ሥር ተወላጅ ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲራመዱ ወደ ፊት ዘንበል የሚሉ ሰው ነበሩ። ያስተማሩን እንግሊዝኛ ነው። በዚያ ዓመት ከምንማረው ውስጥ አንድ አሮጌ የፖለቲካ ተውኔት ነበረ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ያረጀ ንጉሥ አለ። ያሳደገው የጦር አዛዥ ዙፋኑን ይመኛል። አዛዡ ሸንጎ ያስጠራና መኳንንቱን በየተራ «ንጉሡ አብዷል» ያሰኛቸዋል። ንጉሡ ወህኒ ወርዶ እዚያው ይሞታል፤ አገሩም ይበታተናል። «አብዷል» ብለው ከመሰከሩት መካከል የንጉሡ የልጅነት ወዳጅ፣ አማካሪው፣ ይገኝበታል።

ሌሎች ክፍሎች ይህን በአንድ ሳምንት ጨርሰው አለፉ። ንጉሡ የዋህ፣ አዛዡ ሥልጣን ወዳድ፣ አማካሪው ከሐዲ ተብሎ በደብተር ይጻፋል፤ ለፈተናም ይበቃል። በእኛ ክፍል እንዲህ አልነበረም። የመምህር ገላነህ አባት በአገራቸው የታወቁ ተሟጋች ነበሩ፤ ልጃቸው የወረሱት መሬት ሳይሆን የሙግት ፍቅር ነው። በዱሮው ሙግት ከሳሹ «ተጠየቅ!» ይላል፣ ተከሳሹ «ልጠየቅ!» ብሎ ይቆማል። ከቆመ በኋላ ለተጠየቀው ሁሉ ይመልሳል፤ ዝም ያለ ተረታ። «በማር እሰጣለሁ» እያሉም ይወራረዱበታል። መምህር ገላነህ ተውኔቱን ያስተማሩን በዚህ ሥርዓት ነው። እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ወስደን፣ ያን ሰው ሆነን፣ በክፍሉ ፊት እንቆማለን። የተቀረው ይጠይቃል።

አንድ የተከለከለ መልስ ነበረ። «ክፉ ስለሆነ ነው» ያለ ተማሪ እንዲቀመጥ ይደረጋል።

«ምን ፈርቶ ነው?» ይሉ ነበር ጠመኔውን ወደ ወለሉ እየጠቆሙ፣ ልክ ባለጉዳይ በዱላው መሬት እንደሚወጋው። «ምን አጥቶ ነው? ምን ተመኝቶ ነው? ከእነዚህ አንዱን አምጣልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስድቡን ራሴ እጨምርልሃለሁ።»

አማካሪው ለጥሩዓይኔ የደረሳት ቀን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ጠያቂው ጋሻው ነበር፤ ድምፁ ትልቅ፣ እጁ ሰፊ ልጅ።

«ተጠየቂ ልበላት ወይስ ተጠየቅ፣ ጋሼ?»

«የቆመው አማካሪው ነው። እንደ ወንድ ጠይቀው።»

«ተጠየቅ!»

«ልጠየቅ!» አለች ጥሩዓይኔ፤ ነጠላዋን በትከሻዋ አጣፍታ።

ሕጉ በእንግሊዝኛ መከራከር ስለነበር ጥቂት ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጓተቱ። ቶሎ ደከማት።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛዬ አለቀ። በአማርኛ ልመልስለት?»

«ተፈቅዷል። ሲበርድልሽ ትመለሺበታለሽ።»

«የንጉሡን እንጀራ በልተህ አላደግክም?» አለ ጋሻው።

«በልቻለሁ።»

«ንጉሡ አብዷል?»

«አላበደም።»

«ታዲያ አብዷል ያልክበት አፍህ የማን ነው? የውሸታም አይደለም? በአንድ ሙሉ ዳቦ እሰጣለሁ!»

«ዳቦህን ለራስህ ብላ፤ መቼም ጠግበህ አታውቅ!» ክፍሉ አውካካ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ አብዷል አሉ። እኔ ጋ ሲደርስ ሸንጎው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አላበደም ብል ንጉሡን አላድነውም፤ አብሬው ነው የምወርደው። ቤቴ ልጆች አሉኝ። ንጉሡም አየኝ። እሱን ላለማየት ወደ መሬት እያየሁ ተናገርኩ።»

«ፈሪ!» አለ ጋሻው።

«ልክ ነህ፣ ፈሪ ነው» አሉ መምህር ገላነህ። «አሁን ይህን ካወቅክ በኋላ ትጠላዋለህ ወይስ ታዝንለታለህ?»

ጋሻው አሰበና «ሁለቱንም፣ ጋሼ» አለ።

«እሱን ጻፈው። ፈተና ላይ ማርክ አለው።»

በዚያች ሰዓት መምህር ውበቱ በመስኮቱ በኩል ቆመው ይሰሙ ነበር። የታሪክ አስተማሪያችን ናቸው፤ አጭር፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው። ከመምህር ገላነህ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ። መምህር ገላነህ ያን ጊዜ ትዳር ስላልነበራቸው በዓልን የሚውሉት በመምህር ውበቱ ቤት፣ ከልጆቻቸው ጋር ነበር። ከሥራ በኋላ ሁለቱ በአስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ሲሄዱ ያላያቸው የከተማው ሰው አልነበረም።

«ገላነህ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ፈታህ?» አሉ መምህር ውበቱ በመስኮቱ።

«አማካሪውን።»

ወደ እኛ ዞሩ። «ይህ ሰውዬ ዳኛ ቢሆን ወህኒ ቤቱን የመኖ መጋዘን ነበር የምናደርገው።»

«አልፈታሁትም» አሉ መምህር ገላነህ እየሳቁ፤ «ለምን እንደገባ ጠየቅሁ እንጂ።»

ዓመቱ ሳያልቅ የመምህራን ግምገማ መጣ።

ለማያውቅ ሰው፦ በግምገማ ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ በተራ ይነሣል። ባልደረቦቹ ጥፋት ያሉትን በፊቱ ይናገራሉ፤ ይህ ሂስ ይባላል። እሱም ሂሱን ይቀበላል ወይም ይከራከራል። በዚያ ዘመን ሰው በሥራው የሚቆየውም የሚባረረውም ከዚያ በሚወጣው ውጤት ነው። በተለይ ባለፈው መንግሥት ፖለቲካ ውስጥ እጁ ነበረበት የተባለ መምህር ደመወዙን የሚያጣው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከየክፍሉ የተማሪ ተወካዮች እንዲገኙ ስለተደረገ እኔና ጥሩዓይኔ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

የመምህር ገላነህ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ የተነገረው ጥቃቅን ነገር ነው። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ይዘገያል፤ ክፍሉ ይጮኻል፤ የሌሎችን ትምህርት ይረብሻል። ከዚያ ሰብሳቢው፣ ከወረዳ የተላከ ወጣት ሰው፣ «ስለሚያስተምረው ነገርስ የሚናገር የለም?» አለ። የሚፈልገው እንዳለ ገባን። አንዱ ተነሥቶ ዙፋን ስለሚነጥቅ የጦር አዛዥ የሚያወራውን ተውኔት አነሣ። ሌላው ጨመረበት። ሦስተኛውም ጨመረበት። ከዚያ ሰብሳቢው መምህር ውበቱን በስም ጠራቸው።

«አብራችሁ ነው የምትኖሩት። አንተ ምን ትላለህ?» በግምገማ ላይ አንቱታ አልነበረም።

መምህር ውበቱ ተነሡ። የሸሚዛቸውን እጅጌ ቁልፍ ይነካኩ ነበር።

«የተማሪውን አእምሮ… ወደ ሴራ የሚመራ አቀራረብ አለው» አሉ። «መስተካከል አለበት።» ተቀመጡ።

ጥሩዓይኔ ክንዴን ያዘችኝ።

«መምህር ገላነህ፣ የተሰጠህን ሂስ ትቀበላለህ?»

መምህር ገላነህ ቀስ ብለው ተነሡ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። እውነቱን ለመናገር ክፍል የገቡ ነው የሚመስሉት፤ ጠመኔ ብቻ ነው በእጃቸው ያልነበረው።

«ስለ መዘግየቱ እቀበላለሁ» አሉ። «ውበቱ ያለውን ግን አልቀበልም፤ በውበቱም አልፈርድም። ይህ ቤት እንዳይፈርድበት እፈልጋለሁ። ጠልቶኝ አይደለም የተናገረው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ፈርቶ ነው።»

«ምን ፈርቶ?»

መምህር ገላነህ ያን ጊዜ ቆም አሉ። ፊታቸውን አይቼዋለሁ። የሚናገሩትን ከተናገሩት በኋላ የሚሰሙ ሰው ፊት ነበር። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጠይቆ ዝም ማለት መረታት እንደሆነ የሚያውቁ፣ እኛንም ያንን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጥያቄው መጣ፤ መለሱ።

«የኋላውን» አሉ።

አንድ ቃል ናት። ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠ። ወደ መምህር ውበቱ ዞረ።

«የኋላህ ምንድን ነው?»

የመምህር ውበቱ ፊት አመድ መሰለ። በሌላ አውራጃ ሲያስተምሩ የቀድሞው መንግሥት የፖለቲካ ውይይት ክበብ መሪ እንደነበሩ፣ ይህንንም ደብረ ታቦር ከመጡ ጀምሮ ለአንድ ሰው፣ ለመምህር ገላነህ ብቻ እንደተናገሩ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ክበብ ሰው አልከሰሱም፣ ሰው አላሳሰሩም፤ ይህን በኋላ ቦታው ድረስ ሄጄ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ያን ቀን ግን የጠየቀ አልነበረም። የጥያቄ ዝናብ ወረደባቸው። መምህር ገላነህ «የእኔ ተራ አላለቀም፣ እኔን ጠይቁ» እያሉ ሁለት ጊዜ ተነሡ፤ ሁለት ጊዜ እንዲቀመጡ ተነገራቸው።

ውጤቱ ክረምት ሳይገባ ደረሰ። መምህር ገላነህ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው በሥራቸው ቀጠሉ። መምህር ውበቱ ተሰናበቱ።

መምህር ገላነህ ያላንኳኩት በር አልነበረም። ወደ ሰብሳቢው ቢሮ በሄዱ ጊዜ ጥሩዓይኔና እኔ የተማሪዎችን ልመና ይዘን አብረናቸው ነበርን። ሰብሳቢው ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። በቢሮው ውስጥ አንቱ ብሏቸዋል።

«ተሳስቼ ነው» አሉት። «ያልኩት ነገር አይያዝበት።»

«መምህር፣ እርስዎ አልዋሹም እኮ። እሱም ሲጠየቅ አልካደም። ምን ተሳሳቱ?»

«ቦታውን ተሳሳትኩ።»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «እኔ ወደ በላይ አካል አስተላልፌዋለሁ። ባላስተላልፍ ከአዳራሹ አንዱ ተነሥቶ ለምን አላስተላለፍክም ይለኛል። እኔንም እኮ ይገመግሙኛል፣ መምህር።»

«እኔ ልልቀቅና እሱ ይመለስ።»

«እርስዎ ቢለቁ ሁለት ክፍል ያለ አስተማሪ ይቀራል እንጂ እሱ አይመለስም።»

ስንወጣ መምህር ገላነህ በረንዳው ላይ ቆሙ። «ክፉ ሰው አይደለም» አሉ ስለ ሰብሳቢው። እንደ ልማዳቸው ነው የተናገሩት፤ በዚያ ቀን ግን ቃሉ የሚያጽናና ነገር አልነበረውም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚለመን ወይም የሚከሰስ ሰው ይገኝ ነበር።

ሽማግሌ ተላከ። ቄሱና ሁለት አዛውንት የመምህር ውበቱ ቤት ሄዱ። መምህር ውበቱ በአክብሮት ተቀበሏቸው፣ አስተናገዷቸው፤ ቂም የለኝም አሉ። ወጥተው ይሳሙ ሲባሉ ግን «ቂም የለኝም አልኳችሁ፤ እሱን ለማየት ግን አቅም የለኝም» አሉ። ከዚያም የባለቤታቸው ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ገሳይ ቤተሰባቸውን ይዘው ሄዱ። ከጉና የሚወርደውን ድንች እየገዙ በመኪና ማስጫን ጀመሩ። ደብረ ታቦርና ገሳይ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ ጠዋት የሄደ ለምሳ ይመለሳል። ሁለቱ ሰዎች ግን ከዚያ በኋላ አልተገናኙም።

መምህር ገላነህ ተውኔቱን ማስተማር አላቆሙም፤ መጽሐፉ ውስጥ አለና። ተጠየቅ ልጠየቁ ግን ቀረ። ጥሩዓይኔ በኋላ በዚያው ትምህርት ቤት ስትቀጠር ያገኘቻቸው ሰሌዳ ሞልተው የሚጽፉ፣ ደወል ሲደወል ጠመኔያቸውን ይዘው የሚወጡ ዝምተኛ መምህር ሆነው ነበር። ከእኛ በኋላ የተማሩ ልጆች ስለ እሳቸው ሲጠየቁ «ጽሑፋቸው ያምራል» ነው የሚሉት።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ለሥራ ደብረ ታቦር በሄድኩ ቁጥር እጠይቃቸው ነበር። አንድ ጊዜ፣ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ፦

«አንዱዓለም፣ ሥራህ መጠየቅ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ገሳይ ሂድልኝ። ውበቱን ጠይቅልኝ። ምን ባደርግ ይሻልሃል ብሏል በለው። ይቅር በለኝ ብሏል አትበል፤ ይህንን ሽማግሌ ነግሮታል። ምን ባደርግ፣ ነው።»

ሄድኩ። መምህር ውበቱ ጆንያ ከተደረደረበት መጋዘን ውስጥ አገኘኋቸው፤ ሸሚዛቸው አሁንም የተተኮሰ ነበር። ጥያቄውን እንደ ተላከ ነገርኳቸው። አንድ ድንች ከጆንያው አንሥተው አፈሩን በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ ቆዩ።

«ምንም» አሉ። «የሚደረግ ነገር ቢኖር ለራሴ አደርገው ነበር።»

ይህንኑ ይዤ ተመለስኩ። መምህር ገላነህ መልሱን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «እውነቱን ነው» ብለው ስለ ዝናቡ መዘግየት አነሡ።

በቀብሩ ዕለት ደብረ ታቦር ስደርስ አስከሬኑ ከቤት እየወጣ ነበር። የቀድሞ ተማሪ ብዙ ነበር። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የተወለዱበት፣ የተማሩበት፣ ያገለገሉበት ዘመን ተነገረ። ስለ ግምገማው የተባለ ነገር የለም፤ ሊባልም አይገባውም ነበር። ወደ ገሳይ መልእክት የላከ ሰው አልነበረም። እህታቸው «ቢቀርብን ይሻላል፤ ሰውየውን ምን ብለን እናስጨንቀዋለን» ብለው እንደነበር ጥሩዓይኔ ነገረችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ገሳይ ሄድኩ። መምህር ውበቱ ሲያዩኝ የያዙትን ሚዛን አስቀመጡ።

«ገላነህ ነው?»

«አዎ።»

«ታሞ ነበር?»

«ጥቂት ጊዜ።»

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«ትናንት ተቀበሩ፣ ጋሼ።»

ተቀመጡ። ጫኚዎቹ አንድ ነገር ሊጠይቋቸው መጥተው ፊታቸውን አይተው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ተነሡ፤ ነጠላቸውን ለኀዘን እንደሚለበሰው ለበሱ፣ መጋዘኑን ለልጃቸው ትተው ተከተሉኝ።

በሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ እየተንሾካሾኩ ጠየቁኝ።

«አንተ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«እኔ ለምን እንደተናገርኩ ሁሉም ያውቃል። እሱ ራሱ አስረዳልኝ፤ ልክም ነበር። እሱ ለምን እንደተናገረ ግን የጠየቀው ሰው አለ?»

እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

«እኔም አልጠየቅሁትም» አሉ። «ለእኔ አስቦ ነው ይላሉ። ይሆናል። ግን እሱም እንደ እኔ ቆሞ ነበር እኮ። ሁሉም እያየው ነበር። ፊቱን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ፈርቶ ነበር?»

ያየሁትን ነገርኳቸው። ቆም ማለታቸውን፣ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ፊታቸው የሆነውን፣ ሁለት ጊዜ መነሣታቸውን ነገርኳቸው። ፍርሃት ይሁን ሌላ ነገር ግን ማየት አልቻልኩም፤ ያላየሁትንም አልጨመርኩም። መምህር ውበቱ እያንዳንዱን በጥሞና ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ስንገባ ለቀስተኛው ብድግ አለ። ከመግቢያው አጠገብ የነበረ፣ የሟች የእህት ልጅ የሆነ ጎልማሳ፣ ከጉና የመጣ፣ እጅ ነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው። አያውቃቸውም።

«ያጽናን፣ አባቴ» አላቸው። «እርስዎ የአጎቴ ምናቸው ነዎት?»

መምህር ውበቱ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ድንኳኑ ውስጥ የነበርን የምናውቃቸው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞርን። ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ።

«አብረን እናስተምር ነበር» አሉ።